የብርቱካን አበባና ኔሮሊ፦ ከድሬዳዋ የተጻፈ አጠቃላይ ዳሰሳ

ኔሮሊ ማለት ከኮምጣጣ ብርቱካን አበባ በእንፋሎት የሚወጣ ዘይት ነው። ነገሩ አረቄ እንደማውጣት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚቀቀለው ጥንስስ ሳይሆን አበባ መሆኑ ነው። ስሙን የሽቶ ካርቶን ላይ ያየ ሰው የተላጠ ብርቱካን ሽታ ይጠብቃል። ያ ሌላ ነው። ይህን ለይቶ የሚያስረዳ የአማርኛ ጽሑፍ ስፈልግ ብዙም ስላላገኘሁ ያለኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንዱ ዛፍ አራት ዓይነት ሽታ ይወጣል። አበባው በእንፋሎት ሲወጣ ኔሮሊ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ቅጠል ቅጠል የሚል፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነጠላ የሚያስታውስ። ያው አበባ ሄክሴን በሚባል ማሟሚያ ተነክሮ ከዚያ በአልኮል ሲታጠብ አብሶሉት ይሆናል። ይሄኛው ከበድ ይላል፣ ማር ማር ይሸታል፣ ከኋላው ደግሞ ትንሽ ብልግና አለው። ቅጠሉና ቀንበጡ ፔቲግሬን ይሰጣል፤ በዚህ ስሟ የሚነሳው ፓራጓይ ናት። ልጣጩ ሲጨመቅ የልጣጭ ዘይት ይወጣል። ገበያ ላይ ግን አራቱም «የብርቱካን ሽቶ» ናቸው። እኔም አንዴ ኔሮሊ ተብሎ የተሸጠልኝን ብልቃጥ ቤት ገብቼ ስከፍተው የብርቱካን ከረሜላ ሆኖ አረፈው። ብሬ ቀለጠ።

ድሬ ሲነሳ ብርቱካን አብሮ ይነሳል። የኤረርን ብርቱካን የቀመሰ ሰው ሌላውን ብርቱካን ብሎ መጥራት ይከብደዋል፤ ወገንተኛ ነኝ፣ አልክድም። ግን ያ ጣፋጩ ዓይነት ነው፣ ኔሮሊ የሚፈልገው ደግሞ ኮምጣጣውን ነው። ሁለቱን ለመለየት ፍሬ መጠበቅ አያስፈልግም። ቅጠሉን ከነዘንጉ ቀንጥሱና ዘንጉን እዩ፦ ኮምጣጣው ዘንጉ ላይ ሰፋ ያለ ክንፍ አለው፣ ትልቁ ቅጠል ሥር ሌላ ትንሽ ቅጠል የተቀጠለ ይመስላል። የጣፋጩ ክንፍ ቀጭን ነው። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ብታነሱት ደግሞ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የዘይቱ ከረጢቶች ናቸው።

በብዙ አገር ጣፋጩ የሚዳቀለው በኮምጣጣው ላይ ነው፤ ከታች ኮምጣጣው፣ ከላይ ጣፋጩ። እኛ ግቢ ያለው ዛፍ ላዩ ደርቆ ከሥሩ ቀንበጥ አወጣ፣ ማንም አልቆረጠውም፣ ከዓመታት በኋላ ፍሬው አፍ የሚያጨማድድ ሆነ። እናቴ «ዘሩን ካደ» ትላለች። ለሽቶ ሰው ግን ይሄ ሎተሪ ነው።

ከጣፋጩ አበባም ዘይት ይወጣል። ነጋዴዎቹ «ኔሮሊ ፖርቱጋል» ይሉታል፣ ከዋናው ዝቅ አድርገውም ይመድቡታል። የሚገርመው ስሙ ነው። «ብርቱካን» የሚለው የእኛው ቃል ራሱ በዐረብኛው «ቡርቱቃል» በኩል ከፖርቱጋል የመጣ ነው፤ ጣፋጩን ብርቱካን በየአገሩ ያሰራጩት ፖርቱጋሎች ናቸውና። ስለዚህ ኔሮሊ ፖርቱጋል ማለት ቢተረጎም የብርቱካን ኔሮሊ ማለት ነው። ዝቅ ያለ ነው የሚለውን እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበልም።

ወደ ታሪኩ። ኮምጣጣው ብርቱካን ከእስያ ተነስቶ በዐረቦች እጅ ሲሲሊና ስፔን ደረሰ። ስለዚያ ዘመን ይሄ ይበቃል።

ኔሮሊ የሚለው ስም የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሮም አጠገብ ኔሮላ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከጣሊያኑ የኦርሲኒ መኳንንት ቤተሰብ ያገባችው ፈረንሳዊት፣ የኔሮላ ልዕልት ማሪ አን ደ ላ ትሬሞይ፣ ጓንቷንና የመታጠቢያ ውሃዋን በዚህ ዘይት ታሸት ነበር ይባላል፤ ፋሽኑም ከእሷ ተነስቶ ተዛመተ። ስሙን ከሮማው ንጉሥ ከኔሮን ጋር የሚያያይዙም አሉ፣ እሱ ጨዋታ ነው። ጓንት ለምን ሽቶ ያስፈልገዋል ለሚል፣ የዚያን ጊዜ የተለፋ ቆዳ ይከረፋ ነበር። የሽቶ ከተማ የሚሏት የፈረንሳይዋ ግራስም መጀመሪያ የቆዳ ፋቂዎች ከተማ ነበረች። ሐረር ቆዳ ተራ ያለፈ ሰው ይሄ አይብራራለትም።

ቀጥሎ ኮሎኝ የሚባለው ሽቶ መጣ። ጣሊያናዊው ዮሐን ማሪያ ፋሪና በ1708 ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሠራው ሽቶ ከዝናብ በኋላ ያለውን የጣሊያን የፀደይ ጠዋትና የብርቱካን አበባ እንደሚያስታውሰው ነገረው። የፋሪና ቤት በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ ውስጥ የተከፈተው በ1709 ነው። ሎሚ፣ ቤርጋሞት የሚባለው የሎሚ ዘመድ፣ ኔሮሊ፣ ብዙ አልኮል፤ ቀመሩ በጥቅሉ ይሄው ነው። 4711 የሚባለው ተፎካካሪው ቁጥሩን ያገኘው ከቤት ቁጥሩ ነው፣ ቀመሩን ደግሞ አንድ መነኩሴ ለሠርግ ስጦታ ሰጠ የሚል ታሪክ አለው። መነኩሴውን ማመን ያለማመን የእናንተ ነው። ፀጉር ቤት ስትቆረጡ በመጨረሻ አንገታችሁን የምታቃጥለዋ ውሃ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ናት።

በ1840 ንግሥት ቪክቶሪያ የብርቱካን አበባ ራሷ ላይ አድርጋ ተዳረች፣ ሙሽሮችም ተከተሏት። በ1904 ግራስ አቅራቢያ ያለችው የቫሎሪስ ገበሬዎች ኔሮሊየም የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ባቡሩ በ1902 ደርሶ የተቆረቆረችው ድሬ ያኔ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ዛሬ ሥራው በአብዛኛው ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻግሯል፤ ቱኒዚያ፣ ሞሮኮ፣ ግብፅ።

የቱኒዚያዋ ናቡል የታወቀችበት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በጠዋቱ፣ ዛፉ ሥር ጨርቅ ይነጠፍና አበባው በእጅ ይለቀማል። ሳይውል ሳያድር ድስት ይገባል፣ አለዚያ ይጠወልጋል። አሥር ኩንታል አበባ አንድ ኪሎ ገደማ ዘይት ነው የሚሰጠው። ዋጋውን ከዚህ ገምቱት። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከሥሩ የሚቀረው ውሃ ደግሞ ማ ዘህር ተብሎ ጣፋጭ ምግብ ውስጥ ይገባል። ሊባኖሶች በፈላ ውሃ ጠብ አድርገው «ነጭ ቡና» ይሉታል። ቡና የሌለው ቡና! አቦ፣ ይሄን ለሐረር ሰው መንገር ድፍረት ነው።

ሽታው ውስጥ ምን አለ? አንዱ ሊናሎል ነው፤ ድንብላል ውስጥም ሞልቷል። ሜቲል አንትራኒሌት የወይን ከረሜላን ሽታ ይሰጣል። ያችን «ብልግና» የሚያመጣው ኢንዶል ነው፤ ጃስሚን ውስጥም፣ ይቅርታ፣ ሰገራ ውስጥም ይገኛል። የድሮ ሽቶ ቀማሚዎች አበባውን ዕድሜ እንዲኖረው ከዝባድ ጋር ያዋህዱት ነበር። ዝባድ የእኛ ነው፤ ከጥሪኝ ተወስዶ በቀንድ ታሽጎ ለዘመናት ወደ ውጭ የሄደ። በፈረንጅ ሽቶ ታሪክ ውስጥ የእኛ ድርሻ የቱ ጋ ነው ለሚል፣ እዚያ ጋ ነው።

ባለፈው ግቢያችን ያለው ሲያብብ ሞከርኩት። ትልቅ ድስት ውስጥ አበባና ውሃ፣ መሀል ላይ ስኒ፣ ክዳኑን ገልብጬ፣ ክዳኑ ላይ በረዶ። እሳቱን ቀነስኩ። ላቡ በክዳኑ እጀታ እየወረደ ስኒ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግማሽ ስኒ ደብዘዝ ያለ ውሃ አገኘሁ፣ ላዩ ላይ ዘይት የሚባል ነገር ለዓይንም የለም። እናቴ አሸተተችውና እጇን ነክራ አንገቷን አበሰች። ማታ ነጠላዋ ላይ አሁንም ነበር።