የአናጢ የሥራ ጠረጴዛ በጎንደር፦ ከእንጨት ምርጫ እስከ ተልባ ዘይት

የአናጢ የሥራ ጠረጴዛ እንጨት የሚላግበት፣ የሚፈለፈልበትና የሚገጣጠምበት ከባድ ገበታ ነው። ጠረጴዛ ይባል እንጂ ከቤት ዕቃ ይልቅ ወገኑ ከመሣሪያ ነው፤ ዋና ሥራው ዕቃ መሸከም ሳይሆን እንጨትን እንዳይንቀሳቀስ ጨምድዶ መያዝ ነው። ጎንደር ውስጥ በግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ለራሱ ቤት አልጋና መደርደሪያ መሥራት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገዛው ትራፓኖ (የኤሌክትሪክ መብሻ) ወይም የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው። ጠረጴዛው ግን ከሁለቱም መቅደም አለበት። መብራት በጠፋ ቀን ትራፓኖው ሥራ ይፈታል፤ ጥሩ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ጣውላ ግን በእጅ መላጊያና በመሮ ቀኑን ሙሉ ይሠራበታል።

የጠረጴዛው ዕድሜ ረጅም ነው። በጀርመን ዛልቡርግ በሚገኘው የሮማውያን ምሽግ ከጉድጓድ የወጡት የአናጢ አግዳሚዎች በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠሩ ናቸው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው አናጢ አንድሬ ዣኮብ ሩቦ በሥዕል ያስቀረው ጠረጴዛ ደግሞ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራል፤ ገጹ ወፍራም ነው፣ እግሮቹም ከገጹ የፊት ጠርዝ ጋር አንድ መስመር ላይ ይቆማሉ። በእኛ አገር የቆየው ልማድ ሌላ ነው። አናጢው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ እንጨቱን በእግሩ ረግጦ በመጥረቢያና በመሮ ይጠርባል፤ በገጠር አሁንም እንዲህ የሚሠራ አለ።

በዚህ አሠራር ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ለተነሡት ግንቦች ወለል፣ በርና መስኮት የገባውን እንጨት፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴንም የመላእክት ፊት የተሣለበትን ጣሪያ ያየ ሰው የእጁን ብርታት ይረዳል። ከግንበኞቹ፣ ከአንጥረኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከተማ ያቆመ እጅ «ቡዳ» እየተባለ መገለሉ ዛሬም ልብ ይነካል፤ ስለ ጎንደር የእንጨት ሥራ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘልሎ ማለፍ የለበትም። በኋላ ጣሊያን መጣ። ጎንደር ጦሩ በመጨረሻ እጁን የሰጠባት ከተማ ናት፤ ቀኑም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር። ሰዎቹ ሄዱ፣ ቃላቸው ግን በአናጢው አፍ ቀረ፦ ሞርሳ (እንጨት ጨምድዶ መያዣ)፣ ስኳድራ (ማዕዘን መለኪያ)፣ ኮላ (ማጣበቂያ)፣ ትራፓኖ፣ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ቀጭን እንጨት)።

እንጨቱና ወቅቱ

ጎንደር ላይ ጠረጴዛ የሚሠራ ሰው ከመጋዙ በፊት ወሩን መቁጠር አለበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በጋው ደረቅ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ዝናቡ እንጨቱንም ግድግዳውንም ያረጥባል። የአየሩ እርጥበት 40 በመቶ በሆነበት ቦታ የተቀመጠ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ውኃ ይዞ ይረጋል፤ እርጥበቱ 80 በመቶ ሆኖ ከቆየ እስከ 16 በመቶ ገደማ ይጠጣል። በዚህ ጊዜ ርዝመቱ ይህን ያህል አይለወጥም፣ ስፋቱ ግን ያብጣል። በጥር ሲከፈት የነበረ መሳቢያ በነሐሴ አልከፈት የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠረጴዛ ገጽም ከበጋ እስከ ክረምት ብዙ ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል።

ከሁሉም በቀላሉ የሚገኘውና ዋጋው የሚቀለው ባሕር ዛፍ ነው። ከባድና ጠንካራ በመሆኑ ለሥራ ጠረጴዛ ይመቻል፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው፣ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። የመጀመሪያዬን ጠረጴዛ የሠራሁት በሰኔ፣ ገና ከተሰነጠቀ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር። ኮላው ያዘ፣ ገጹም ውኃ ልክ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ በጣውላዎቹ መካከል ሳንቲም ገብቶ የሚቀርበት ክፍተት ተከፈተ፤ አንደኛው ማዕዘንም ስለተነሣ ጠረጴዛው በሦስት እግሩ ቆመ። የስድስት ቅዳሜ ሥራ ነበር።

መፍትሔው ትዕግሥትና ቀጭን ጣውላ ነው። በየአገሩ አናጢዎች የሚመሩበት ልማድ በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚል ነው። በዚህ ስሌት 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወጥ እንጨት ሦስት ዓመት ይጠብቃል ማለት ነው። ስለዚህ ወጥ ግንድ ከመፈለግ ይልቅ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸውን ጣውላዎች አድርቆ፣ በጎናቸው አቁሞ ጎን ለጎን በኮላ ማጣበቅ ይሻላል። ጣውላዎቹ ከመሬት ከፍ ብለው፣ በየመሐላቸው ቀጭን እንጨት ገብቶ አየር እንዲያልፍባቸው፣ ፀሐይ በማይመታው ጥላ ሥር ይደረደራሉ፤ ጫፋቸው ቀለም ወይም ሰም ከተቀባ ስንጥቁ ይቀንሳል። በጥቅምት የተደረደረ እንጨት ቀጣዩን ክረምት አሳልፎ በሚመጣው ዓመት ጥር ላይ ቢነካ ይመረጣል።

ዋንዛ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ገር ነው፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ብዙም አይጣመም፣ ግን ለስላሳና ቀላል ነው። ለእኔ ዋንዛ የሚያምረው ለበርና ለአልጋ ነው፤ መዶሻ ሲወርድበት ለሚውል ገጽ ማዋሉ ያሳዝነኛል። ደግሞም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ኮሶንና ዝግባን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ የከለከለው መመናመናቸው ስላሳሰበ ነው። የፈረንጅ ጥድም ይሠራል፣ ክብደት ግን ይጎድለዋል። ወይራ ለገጹ አይበቃም፤ ትርፍራፊው ለሽብልቅና ለማቆሚያ ካስማ ወደር የለውም።

ክብደት፣ ቁመት፣ ግጥሚያ

180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ስፋትና 8 ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ገጽ ብቻውን 65 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እግሮቹና ማያያዣዎቹ ሲጨመሩ ወደ 100 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ክብደት ትርፍ አይደለም። ቀላል ጠረጴዛ ላይ ጣውላ ስትልግ መላጊያው በተገፋ ቁጥር ጠረጴዛው አብሮ ይሄዳል፤ ጉልበትህ ግማሹ እንጨቱ ላይ፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ያልቃል።

ቁመቱን ሜትር ከመጠየቅ ሰውነትን መጠየቅ ይሻላል። ቀጥ ብለህ ቆመህ ክንድህን ስታንጠለጥል በእጅ አንጓህና በጣቶችህ ሥር መካከል የሚውል ገጽ ለመላግ ይመቻል። ለአብዛኛው ሰው ከ80 እስከ 88 ሴንቲ ሜትር ይመጣል።

እግርና ማያያዣ የሚገጠሙት በወንዴና ሴቴ ነው፤ የአንዱ እንጨት ጫፍ ምላስ ይወጣለታል፣ ሌላው በመሮ ይፈለፈላል። ሚስማር እዚህ ቦታ የለውም፤ የጎን ግፊት ሲበዛበት ይላላል። ረጅሞቹን ማያያዣዎች በኮላ ከማጣበቅ በብሎን ማሰር የተሻለ ነው፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ዳዶውን በቁልፍ ማጥበቅ ይቻላል። ኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ጠረጴዛውን ፈትቶ ይዞት ይሄዳል። ገጹ እግሮቹ ላይ በካስማ ይቀመጣል እንጂ ዙሪያውን በኮላ አይታሰርም፤ የሚሰፋበት ቦታ ያጣ እንጨት ራሱን ይሰነጥቃል።

ጣውላዎቹን ሲያጣብቁ በቂ ማጥበቂያ ብረት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ሁለት ሞራሌ ከላይና ከታች አድርጎ፣ ዳርና ዳሩን በጠንካራ ገመድ አስሮ፣ በገመዱና በጣውላው መካከል ሽብልቅ እየመቱ ማስገባት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ለመያዣው የእንጨት ሞርሳ ማበጀት ይቻላል። ከአሮጌ የመኪና ክሪክ የወጣ ጥርስ ያለው ዘንግ፣ ወፍራም የባሕር ዛፍ መንጋጋና ሥራውን እንዳይቧጥጥ የተለጠፈ ቁራጭ ቆዳ ይበቃሉ። ከሱ ጋር እጅግ የምወደው አንጥረኛ አጥፎ የሚሠራው ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆልማማ ብረት ነው። ትንሽ ሰፋ ባለ ቀዳዳ ገብቶ ራሱ ላይ በመዶሻ ሲመታ ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ ይሰያፋል፣ እንጨቱንም ጠረጴዛው ላይ ይጠረንፈዋል፤ ከኋላ ቸብ ሲደረግ ይለቃል። ጥርስ የለውም፣ ቅባት አይፈልግም።

ገጹን ማስተካከል

ይህ የሚሠራው ጠረጴዛው ቆሞ ከተጠናቀቀ በኋላ፣ ራሱ በሚኖርበት ወለል ላይ ነው። ቀጥ ያሉ፣ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንጎች በገጹ ሁለት ጫፍ አግድም ይቀመጣሉ። ከአንዱ ጫፍ ዝቅ ብለህ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ የፊተኛውን ዘንግ ራስ ከኋለኛው ጋር ታስተያያለህ። የጠዋት ብርሃን በበሩ ሲገባ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የኋለኛው ዘንግ አንዱ ጫፍ ከፍ ብሎ ከታየ ገጹ ተጣሟል። ከፍ ያለው ማዕዘን በእርሳስ ይጭረመረማል፣ መላጊያው በሰያፍ ይሄዳል፣ ጭረቱ ሲጠፋ እንደገና ይታያል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ በመለስተኛ ብርጭቆ ወረቀት መጥረግ ይበቃል፤ እንደ መስታወት ማለስለስ ግን ስሕተት ነው፣ እንጨቱ በሥራ ላይ ይንሸራተታል።

ቅባቱ

ብዙ ሰው ጠረጴዛውን ሲጨርስ ቫርኒሽ ይቀባዋል። ለበር ቫርኒሽ ጥሩ ነው፤ መዶሻ የሚያርፍበት ገጽ ላይ ግን ይላላጣል፣ ያንሸራትታል፣ ለማደስም ሁሉንም መፋቅ ይጠይቃል። የሚሻለው የተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል እንጂ እንደ ውኃ ተኖ አይጠፋም። ከቀለም መደብር የሚገዛው ማድረቂያ የተጨመረበት ሲሆን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይደርቃል፤ ተራው ግን ብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። የኑግ ዘይት በየቤቱ ስላለ ይሞከራል፤ እሱ ግን አደራረቁ ደካማ ነው፣ እያጣበቀ አቧራ ይሰበስባል።

በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ ያልጠጣውን ሁሉ አጥርቶ መጥረግ፣ ሲደርቅ መድገም፤ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ይቀባል፤ አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ ገጹ እርጥበት የሚስበው በአንድ ወገን ስለሚሆን ይቆለመማል።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ሲደርቅ በውስጡ ሙቀት ያጠራቅማል፣ ክብሪት ሳይነካውም ሊቀጣጠል ይችላል። በገለባና በፍቅፋቂ የተሞላ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ይህ ቤት ያቃጥላል። ጨርቁ ተዘርግቶ ደጅ ሽቦ ላይ ይሰጣ፣ ወይም ውኃ በሞላበት ቆርቆሮ ውስጥ ይነከር።

የእግሮቹ ታች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያርፋል፤ አፈር ወለል ላይ የቆመ እግር እርጥበትና ምስጥ ያገኘዋል። ታችኛውን ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡት አሉ፤ ሽታው የሚቆይ ስለሆነ ከገጹ መራቅ አለበት።

ክረምቱ ወጥቶ እንጨቱ ሲረጋ፣ በኅዳር ገደማ፣ ብሎኖቹ ይጠብቃሉ፣ ሁለቱ ዘንጎች ገጹ ላይ ይመለሳሉ፣ የተነሣው ማዕዘን ይላጋል፣ ተልባውም አንድ ዙር ይደገማል። በዚህ ልጊያ ከገጹ የሚነሣው እንጨት ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም።