ጨጨብሳ፦ የቅዳሜና እሁድ ጠዋት ቁርስ

ጨጨብሳ ትኩስ ቂጣ ተቆራርሶ በንጥር ቅቤና በበርበሬ የሚታሽበት ቁርስ ነው። ብዙ ቤት ቂጣ ፍርፍር ይባላል። ጨጨብሳ የሚለው ስም የአፋን ኦሮሞ ነው፤ መሰባበር ከሚለው ቃል ይመጣል። ፍርፍር ከመፈርፈር ነው። ቁርስ የሚለውም ቃል ቢሆን ከመቁረስ የወጣ ነው። ሦስቱም ስሞች የእጅ ሥራ ስሞች ናቸው። እኔም ከእናቴ የተማርኩት ዋናው ነገር ይኸው የእጅ ሥራ ነው።

በኦሮሚያ ብዙ አካባቢ ጨጨብሳ ለእንግዳ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ቁርስ ቤቶችና ካፌዎች ከፉል፣ ከፈጢራና ከእንቁላል ፍርፍር ጎን ይሸጣል። ቤት ውስጥ ግን የቅዳሜና እሁድ ነው። በሥራ ቀን ዳቦ በሻይ ተጎርሶ ይወጣል። ጨጨብሳ ተረጋግቶ የሚቆም ሰው ይፈልጋል።

ሌላም ምክንያት አለ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ከቀዳም ስዑር በቀር ቅዳሜና እሁድ ከእህል ውሃ አይጾምም። 55 ቀን በሚዘልቀው ዐቢይ ጾም እንኳ በነዚህ ሁለት ቀናት ጠዋት መብላት ይቻላል። ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መከልከሉ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ በጾም ጨጨብሳው በዘይት ይሠራል። እሁድ የሚያስቀድስ ሰው ደግሞ ቁርሱ ከቅዳሴ መልስ ነው። በእኛ ቤት ቂጣው ምጣድ ላይ የሚወጣው እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ካስቀመጠች በኋላ ነበር።

ዱቄቱ የስንዴ፣ የጤፍ ወይም የሁለቱ ድብልቅ ይሆናል። የገብስም አለ። ለ2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት 1 ኩባያ ተኩል ያህል ውሃና ትንሽ ጨው ይበቃል። ሊጡ አይቦካም፤ ወዲያው ይጋገራል። የስንዴ ሊጥ ብዙ ከታሸ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ቂጣውም ያስቸግራል። ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ነው እንዲህ የሚያደርገው። ጤፍ ይህ ስለሌለው ቂጣው በቀላሉ ይፈርሳል። እናቴ ጥቂት ጤፍ የምትቀላቅለው ለዚህ ነበር። የጤፉ ጣዕምም ቢሆን ከቅቤ ጋር በጣም ይሄዳል።

ሊጡ በጋለ ምጣድ ላይ በስሱ ይሰፋል። ላዩ ሲደርቅ ይገለበጣል። ሁለቱም ወገን ነጠብጣብ ጣል ሲያደርግበት ይወጣል። ብዙ ከቆየ እንደ ብስኩት ይደርቃል፣ ቅቤም እሺ ብሎ አይጠጣም።

አሁን ነው መቁረሱ የሚመጣው። ቂጣው ገና እያቃጠለ መቆረስ አለበት። ከበረደ ጠርዙ ይጠነክራል፣ ቅቤው ላዩ ላይ ብቻ ይቀራል። እናቴ ጣቷን ቀዝቃዛ ውሃ ነከር እያደረገች ትቆርስ ነበር። ቁራሹ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። ከዚህ ካነሰ ይላቁጣል፣ ከተለቀ መሀሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቢላዋ አይነካውም። በእጅ ሲቆረስ ጠርዙ ሻካራ ይሆናል፤ ቅቤና በርበሬ የሚይዘው ያ ሻካራው ነው።

ቅቤው ለብቻው ድስት ውስጥ በዝቅተኛ እሳት ይቀልጣል። ለዚህ መጠን 4 የሾርባ ማንኪያ ቅቤና 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጥሩ ነው። ቅቤው በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ የተነጠረ ከሆነ ሌላ ቅመም አያስፈልግም። በርበሬ ቶሎ ያርራል፣ ሲያርር ይመራል። ስለዚህ ቅቤው እንደቀለጠ በርበሬው ይገባል፣ አንዴ ይማሰላል፣ ቂጣው ይከተላል። ከዚያ እሳቱ ጠፍቶ በእንጨት ማንኪያ ይታሻል። ሁሉም ቁራሽ ቀይ ሲሆን አለቀ።

ብዙ ሰው ማር ጠብ ያደርግበታል። በርበሬውና ማሩ አንድ ላይ ሲመጡ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ቁርስ የለም። እርጎ ከጎኑ የሚያደርግም አለ። ለሕፃናት ያለ በርበሬ ይሠራል። እንጀራ ስለሌለበት በማንኪያ ይበላል፤ ቡና ወይም ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ይከተላል።

ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች በማያጣብቅ መጥበሻ ይጋግሩታል። ዱቄቱ የትም ይገኛል። በሻንጣ የሚሄደው በርበሬውና ንጥር ቅቤው ነው። ቅቤው ካለቀ ባዶ ቅቤ ከትንሽ ኮረሪማና ኮሰረት ጋር አሙቆ ማጥለል ይቻላል፤ ሽታው ያው የቤቱ ይሆናል።