የጥንቱን ደንና አየር ከቅጠልና ከአፈር ማንበብ ምንድን ነው?

ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በሐሩሩ የምድር ክፍል ስንት ዝናብ ይዘንብ ነበር? ሙቀቱስ? ያኔ መዝጋቢ የለም። የቀረው ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ቅጠልና አፈር ነው። ከእነሱ ተነስቶ የዘመኑን ደንና አየር መልሶ ማወቅ ነው ነገሩ።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው የቅጠል ጠርዝ ነው። በ1915 ቤይሊና ሲኖት የተባሉ አሜሪካውያን የዕፅዋት ተመራማሪዎች አንድ ነገር ልብ አሉ። በሞቃት አገር አብዛኞቹ የዛፍ ዝርያዎች የቅጠላቸው ዳር ልሙጥ ነው፤ ቀዝቀዝ ሲል ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣው ይበዛል። ስለዚህ የተቆፈሩት ቅጠሎች በዝርያ ይለያሉ። ከመቶው ስንቱ ልሙጥ እንደሆነ ይቆጠራል። ከዚያ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ይሰላል። የዛፉን ስም ማወቅ እንኳ የግድ አይደለም! የቅጠሉ ስፋት ደግሞ ስለ ዝናቡ ፍንጭ ይሰጣል።

በኮሎምቢያ፣ ሴሬሆን በተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ ወደ 60 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው ቅጠሎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ትልልቅና ልሙጥ ናቸው፤ ሙቀትና ዝናብ የማያጣው ደን ማለት ነው። 13 ሜትር ገደማ ይረዝም እንደነበር የሚገመተው እባብ፣ ቲታኖቦአ፣ የተገኘውም እዚያው ነው።

ግን ቅጠልን ብቻ ያመነ ጉድ ይሆናል። ውሃ ዳር የሚበቅሉ ዛፎች ጥርሳም ቅጠል ያበዛሉ። ቅጠል ደግሞ በደንብ ተቀብሮ የሚቆየው እዚያው ውሃ ዳር ነው። ስለዚህ ስሌቱ ከእውነቱ ቀዝቀዝ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ሌላው ፍንጭ፣ በድንጋዩ ውስጥ የሚገኘው ፖለንም (የአበባ ብናኝ)፣ የራሱ ጣጣ አለው፤ ነፋስ ከሩቅ ያመጣዋል።

እዚህ ላይ አፈሩ ይጠየቃል። ቀይ ከሆነ ብረቱ አየር አግኝቶ ዝጓል፤ ውሃ አይተኛበትም ነበር። ግራጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ ውሃ የተኛበት ነው። ውስጡ የኖራ እንክብል ካለ ዝናቡ ያን ያህል አልነበረም። እርስ በርሱ ተፋትጎ የሚያብለጨልጭ ገጽ ካለው ደግሞ መረሬ አፈር ነው። ሲዘንብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብና ድርቅ ይፈራረቁ እንደነበር ይናገራል።

ከጎንደር በስተምዕራብ በሚገኘው ጭልጋ ሁለቱም ምስክሮች አሉ። ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባላቸው ደለሎች ውስጥ የደን ዛፎች ቅጠልና የጥንት አፈር ይገኛል። ዘንባባም በሽ ነው። ዛሬ አፍሪካ በዘንባባ ዝርያ ብዛት ከደቡብ አሜሪካም ከእስያም በጣም ታንሳለች። ያ ሁሉ ዘንባባ መቼና ለምን እንደተመናመነ ለሚጠይቅ ሰው፣ የጭልጋ ድንጋዮች ከመነሻዎቹ አንዱ ናቸው።