የስኮትላንድ ታርታን፦ ስለ ጥለቱና ስለ ቀለሙ በስህተት የሚታመኑ ነገሮች

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«እያንዳንዱ ጎሳ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ታርታን ነበረው»

ታርታን የሚባለው ባለቀለም ዳማ ጨርቅ ጥንታዊ ነው፤ የጎሳ ስም የወጣለት ግን ዘግይቶ ነው። በ1746 ዓማፅያን ከብሪታንያ መንግሥት ጦር ጋር በተዋጉበት በስኮትላንዱ የኩሎደን ጦርነት ወዳጅና ጠላት የሚለየው ቆብ ላይ በሚሰካ ምልክት እንጂ በታርታን አልነበረም። በ1815 የለንደን ሃይላንድ ማኅበር (ሃይላንድ የስኮትላንድ ተራራማው ሰሜን ነው) የጎሳ አለቆችን «የታርታናችሁን ናሙና ላኩ» ሲላቸው፣ የትኛው የእነሱ እንደሆነ ያላወቁ ጥቂት አልነበሩም። በባኖክበርን የነበረው የዊልሰን ሽመና ቤት ብዙዎቹን ጥለቶች በቁጥር ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ማክፈርሰን የሚባለው በዚያ ቤት ቁጥር 43 ነበር። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንብራን ሲጎበኝ ሁሉም «የጎሳዬን» እያለ ይጠይቅ ጀመር፤ ገበያውም ስሙን አጸናው። በ1842 ከጥንታዊ ጽሑፍ ተቀዳ ተብሎ የታተመው የታርታን መጽሐፍ ደግሞ የፈጠራ ሥራ ነው። የሚገርመው ግን በውስጡ ካሉት ጥለቶች ብዙዎቹ ዛሬም በኩራት ይለበሳሉ።

«እንግሊዞች ታርታንን ከስኮትላንድ ምድር አጠፉት»

የሃይላንድን አለባበስ የከለከለው የ1746ቱ አዋጅ የሚመለከተው ወንዶችንና ወንድ ልጆችን ብቻ ነበር። ሴቶችንና ወታደሮችን አልነካም፤ በ1782 ተሻረ።

«ዳማ የሆነ ጨርቅ ሁሉ ታርታን ነው»

በእኛ ጥበብ ጥለቱ የሚወጣው በማጉ ነው። በታርታን ግን ድሩና ማጉ አንድ ዓይነት የቀለም ቅደም ተከተል ይይዛሉ። ማጉ ሁለት ድር በላይ፣ ሁለት ድር በታች ያልፋል፤ በየረድፉም አንድ ድር ወደ ጎን ስለሚሸሽ ጨርቁ ላይ ሰያፍ መስመር ይታያል። ቀይ ድር ከቀይ ማግ ሲገናኝ ንጹሕ ቀይ፣ ከጥቁር ሲገናኝ ድብልቅ ይወጣል። ስለዚህ 3 ቀለም ያለው ጨርቅ 6 ዓይነት መልክ፣ 6 ቀለም ያለው 21 ዓይነት መልክ ይሰጣል። ቀለም መጨመር ጥለቱን ያደምቀዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የደበዘዘ ጨርቅ ነው።

«የክር ቆጠራውን ግራና ቀኝ መድገም ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጨርቅ የሚበላሸው። ለምሳሌ የክር ቆጠራው፣ ማለትም የየቀለሙን የክር ብዛት በቅደም ተከተል የሚናገረው ዝርዝር፣ «ቀይ/8፣ አረንጓዴ 24፣ ጥቁር 4፣ ነጭ/6» ይላል እንበል። የ«/» ምልክት ያለባቸው ሁለቱ ጫፎች መታጠፊያ ናቸው። ከቀይ ተነስቶ ነጭ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም ነጩን ሳይደግም በጥቁርና በአረንጓዴ በኩል ይመለሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቀይ የአዲሱ ዙር መጀመሪያ ነው። አንድ ሙሉ ዙር 70 ክር ይሆናል። መታጠፊያዎቹን የደገመ ሰው 84 ክር ይዘረጋል፤ ቀዩ 16፣ ነጩ 12 ሆኖ ይወፍራል፣ ምጥጥኑም ይፈርሳል። የቡካናን ታርታን ደግሞ ጭራሽ አይታጠፍም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይደገማል። ለከረቫት ጥለቱን ማሳነስ የፈለገ ቁጥሮቹን ሁሉ እኩል ያካፍላል፤ 2 ክር ብቻ ያለው ቀጭን መስመር ግን ሲካፈል ሊጠፋ ስለሚችል እንዳለ ይተዋል።

«ቀለሙ ከፈዘዘ ሌላ ጎሳ ነው፣ “ጥንታዊ” የተባለውም አሮጌው ነው»

ሁለቱም ስህተት ነው። አንድ ጥለት «ዘመናዊ» ሲባል ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ፣ «ጥንታዊ» ሲባል ውሃ ሰማያዊና ፈዛዛ አረንጓዴ ይሆናል። «ጥንታዊ» የሚለው የቀለም ምርጫ የሽያጭ ስም ነው፤ የጨርቁን ዕድሜ አይናገርም። መታወቂያው የክሩ ቅደም ተከተልና ምጥጥን ነው። የብላክ ዎች ክፍለ ጦር ጥለት ላይ ቢጫ መስመር ሲጨመር ጎርደን ይሆናል፤ መላውን ጨርቅ ማፍዘዝ ግን ስሙን አይቀይረውም። ቀይ የደም፣ አረንጓዴ የጫካ ምልክት ነው የሚባለውም በአብዛኛው ኋላ የተለጠፈ ትርጓሜ ነው።

«የሌላ ጎሳ ታርታን መልበስ በሕግ ያስጠይቃል»

አያስጠይቅም። ከ2009 ጀምሮ የስኮትላንድ ታርታን መዝገብ አለ፤ ሥራው ጥለት መመዝገብ እንጂ ለባሽ መቆጣጠር አይደለም። ለንጉሣውያን የተተወው ባልሞራል የተባለው ታርታን እንኳ የሚከበረው በልማድ ነው።

«ኪልት ሲሰፋ ጥለቱ በራሱ ይገጥማል»

ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ባለእጥፋት ቀሚስ መሰል ልብስ ነው። ለአንድ የአዋቂ ኪልት 8 ያርድ፣ ማለትም 7.3 ሜትር ገደማ ጨርቅ ይበቃል። ልብስ ሰፊው እጥፋቱን በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ከኋላ ሙሉው ጥለት ያልተቋረጠ እንዲመስል ማጠፍ ነው። ሁለተኛው በየእጥፋቱ ያው አንድ መስመር ብቻ እንዲታይ ማድረግ ሲሆን፣ የወታደር ኪልት በዚህ ይታወቃል። በሁለተኛው እያንዳንዱ እጥፋት በልክ አንድ ዙር ስለሚበላ፣ ዙሩ ሰፊ ከሆነ ከዚያው ጨርቅ የሚወጣው እጥፋት ያንሳል። ስለዚህ ጨርቅ ከማዘዝ በፊት የዙሩን ስፋት በሴንቲሜትር መለካት ያስፈልጋል።