ዲኮይ ምንድን ነው? ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው የእንጨት ዳክዬ

ዲኮይ አዳኞች ውሃ ላይ የሚያንሳፍፉት ሐሰተኛ ዳክዬ ነው። የዱር ዳክዬ በመንጋ መኖር ትወዳለች። ከላይ ስትበር መሰሎቿ ተረጋግተው ሲንሳፈፉ ካየች ቦታው ሰላም ይመስላታል፤ ወርዳ ታርፋለች። አዳኙ ደግሞ ሣሩ ውስጥ አድፍጦ ይጠብቃታል።

ዘዴው የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ነው። በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኔቫዳ ውስጥ፣ ላቭሎክ በሚባል ዋሻ፣ ከደንገል መሰል ተክል የተሠሩ ዲኮዮች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው 2000 ዓመት ገደማ ነው። ይህን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

በኋላ የመጡት ሰፋሪዎች በእንጨት ሠሩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዳክዬ እየገደሉ ለከተማ ሆቴሎች መሸጥ ትልቅ ንግድ ሆነ። አንድ አዳኝ በመቶ የሚቆጠር ዲኮይ ያሰማራ ነበር። ጠራቢዎቹ አርቲስት ነን የሚሉ አልነበሩም። ዓሣ አጥማጆች፣ ጀልባ ሠሪዎች፣ አዳኞች ነበሩ። በሜሪላንድ፣ ክሪስፊልድ ከተማ ስማቸው የገነነው ሌም እና ስቲቭ ዋርድ የሚባሉ ወንድማማቾች እንጀራቸው ፀጉር ማስተካከል ነበር። በ1918 የወጣው የፌዴራል ሕግ ተሰዳጅ ወፎችን አድኖ መሸጥን አስቆመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ፕላስቲክ መጣና የእንጨቱ ዲኮይ ጓዳ ገባ።

ከጓዳ ያወጡት ሰብሳቢዎች ናቸው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ጆኤል ባርበር የሚባል የኒው ዮርክ አርክቴክት ነው። የሰበሰባቸው ዲኮዮች ዛሬ ቨርሞንት ውስጥ በሼልበርን ሙዚየም ይገኛሉ።

ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ጠረበው ብሎ ነው። ቀጥሎ ቀለሙን ያያል፤ ዋናው ጉዳይ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ዲኮይ የሥራ ዕቃ ስለሆነ ቀለሙ ሲለቅ ባለቤቱ እንደገና ይቀባው ነበር። ስለዚህ ጠራቢው ራሱ የቀባው ቀለም ሳይነካ የቆየበት ዲኮይ ብርቅ ነው። ትንሽ የተላላጠ የመጀመሪያ ቀለም፣ ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የማሳቹሴትሱ ኤልመር ክሮዌል የጠረባቸው ሁለት ዲኮዮች በ2007 እያንዳንዳቸው ከ1.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠዋል።

ሆዱንም ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። እዚያ ዲኮዩ ውሃ ላይ እንዳይገለበጥ የተመታ እርሳስ ይኖራል። በጋለ ብረት የተተኮሰ ስም ወይም ፊደልም ሊኖር ይችላል። ጀማሪዎች ይህን የጠራቢው ፊርማ አድርገው ይወስዱታል። ብዙ ጊዜ ግን የአዳኙ ወይም የአደን ክለቡ ምልክት ነው።

ለመደርደሪያ ጌጥ ብቻ ተብለው የተሠሩ፣ ላባቸው አንድ በአንድ የተቀረጸ የእንጨት ወፎችም አሉ። ሙያቸው ያስደንቃል። እኔን የሚማርኩኝ ግን ውሃ ላይ ለአደን ያገለገሉት ናቸው። አንገታቸው በእጅ ብዛት ለስልሷል፤ አንዳንዱ ጎኑ ላይ የጥይት ፍንጣሪ ይዟል።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ፣ እዚያው ሜሪላንድ ሃቨር ደ ግሬስ ከተማ የዲኮይ ሙዚየም አለላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ደህና አድርጋችሁ እዩ። አሮጌ ዲኮይ እጃችሁ ከገባ ደግሞ አትጠቡት፣ አታድሱት፣ ቀለም አትቀቡት። መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።