የነርሲንግ ትምህርትና የተማሪው ደኅንነት በወሎ

ወሎ ውስጥ ወደ ነርስነት የሚያስገቡ በሮች ሁለት ናቸው። አንዱ የዲግሪው በር ነው፤ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰሜኑ በኩል ደግሞ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተቋቋሙት የሁለተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ ወልድያ በ2004 ዓ.ም. ተከተለ። ሌላው በር የኮሌጁ ነው፤ በደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም በግል ኮሌጅ በደረጃ ተምሮ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ተፈትኖ ሥራ መግባት። የዲግሪው ትምህርት 4 ዓመት ይፈጃል። ተማሪው በየትኛውም ይግባ፣ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው አልጋ ዳር ነው። የማስተማሩ ጥራትም የተማሪው የመንፈስ ጤናም የሚታየው እዚያ ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ ማየት ደግሞ ስሕተት ነው።

ዋናው የልምምድ ቦታ ሰው እስከ ዛሬ «ደሴ ሪፈራል» እያለ የሚጠራው የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። ቦሩ ሜዳ በታሪክ የሚነሳው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ ለጤና ባለሙያ ግን ስሙ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር የተያያዘ ነው፤ የቆዳና የዓይን ሕሙማንም ከሩቅ ይመጡበታል። የእነዚህ ሆስፒታሎች ዋርዶች፣ ማለትም በሽተኛ የሚተኛባቸው ክፍሎች፣ የነርሲንግ ተማሪ ብቻ አይደሉም። የሕክምና፣ የሚድዋይፈሪ፣ የጤና መኮንንና የአኔስቴዥያ ተማሪም፣ የዩኒቨርሲቲውም የኮሌጁም፣ እዚያው ይለማመዳል። አንድ አልጋ ዙሪያ ብዙ ነጭ ጋዋን ሲቆም ፊት ያሉት ያያሉ፣ ከኋላ ያሉት ይሰማሉ፣ በሽተኛው ደግሞ ይጨነቃል።

ወሎን ለነርስ ልዩ ትምህርት ቤት የሚያደርገው የበሽተኛው ዓይነት ነው። በባቲ በኩል አፋርኛ ብቻ የሚናገር አርብቶ አደር ይመጣል፤ ከከሚሴ ኦሮምኛ ተናጋሪ እናት፣ ከደላንታና ከወረኢሉ የደጋ ገበሬ። ስለዚህ ተማሪው የሕመም ስሜትን በ0 እና በ10 መካከል ቁጥር አስመርጦ ከመጠየቁ በፊት ፊትን ማንበብ፣ አስታማሚን ማስተርጎም መልመድ አለበት። የወሎ ሰው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጋራው አንድ ቃል ደግሞ አለ፤ «አብሽር»። ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የምሥራች የማለት መንፈስ አለው፣ በአፍ ሲወጣ ግን «አይዞህ፣ ያልፋል» ነው። ጥሩ ነርስ መርፌ ከማንሳቷ በፊት የምትለው እሱን ነው።

ቃሉ አንዳንዴ ከበሽተኛ ወደ ተማሪ ይዞራል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የመጀመሪያ ካኑላዋን፣ በደም ሥር ውስጥ የሚቀረውን ቀጭን ቱቦ፣ ልትተክል ቆማለች እንበል። ስኪል ላብ በሚባለው የመለማመጃ ክፍል ውስጥ በማኒኪን፣ በሰው አምሳል በተሠራ አሻንጉሊት፣ ክንድ ላይ ደጋግማ ሠርታዋለች፤ የማኒኪን ደም ሥር ግን አይሸሽም። እዚህ ክንዱ የአንዲት አሮጊት ነው፤ ቆዳው ስስ፣ ደም ሥሩ በጣት ሲነካ የሚንሸራተት። ቱርኒኬቱን ታስራለች፣ በአልኮል ታጸዳለች፣ ቆዳውን ወደ ታች ወጠር ታደርጋለች፣ መርፌውን አዘንብላ ታስገባለች። ደም ተመልሶ ካልታየ እጇ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ይኼኔ አሮጊቷ «አብሽሪ ልጄ፣ ድገሚው» ካሏት፣ ከጎኗ ያለው መምህርም ድምፁን ሳያሰማ ክንዱን ከሥር ደግፎ «ማዕዘኑን ዝቅ፣ አሁን ቀስ» ካላት፣ ያቺ ልጅ ካኑላ መትከልን ብቻ ሳይሆን የሰውን ክንድ እንዴት እንደሚይዙም ተማረች።

መምህሩ በሽተኛው ፊት «ይህንንም አታውቂም?» ብሎ ቢጮህስ? ሊከተል የሚችለውን ሁሉም የዋርድ ሰው ያውቀዋል። ልጅቷ በሚቀጥለው ቀን ከኋላ ረድፍ ትቆማለች፤ የሠራችው ሥራ የሚመዘገብበትን ሎግ ቡኳን ሳትሠራ የምታስፈርምበትን መንገድ ትፈልጋለች። ከሁሉ የከፋው ግን መርፌ ሲወጋት ትደብቃለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በደም በተነካ መርፌ የተወጋ ሰው ኤች አይ ቪን የሚከላከለውን መድኃኒት መጀመር ያለበት ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያም ለ28 ቀናት ይወስደዋል። ተግሣጽ ፈርቶ ሦስት ቀን ዝም ያለ ተማሪ ዕድሉ አመለጠው ማለት ነው። ስለዚህ ስሕተትን ያለ ፍርሃት መናገር የሚቻልበት ዋርድ መፍጠር ለተማሪ የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን የኢንፌክሽን መከላከል አካል ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባትም እንዲሁ፤ 3ቱ ዶዝ 6 ወር ስለሚወስድ ተማሪው ዋርድ ከመግባቱ አስቀድሞ መጀመር አለበት።

ጭንቀቱ ከዋርድ ብቻ አይመጣም። ብዙ ተማሪ ነርሲንግን የሚያገኘው በመጀመሪያ ምርጫው አይደለም፤ ሕክምና ተመኝቶ ነጥቡ ያልደረሰለት አለ፣ ቤተሰቡ አሁንም «ዶክተር» እያለ የሚጠራው አለ። ከዚያ ኑሮው ይከተላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተኛች ብርዳም ከተማ ናት፤ ክረምት ጉሙ መንገድ ይጋርዳል። ከቆላ የመጣ ተማሪ ሌሊት ዱቲ፣ ማለትም ተረኛ ሆኖ፣ አድሮ፣ ጠዋት የካፌ ሰዓት አልፎበት፣ ዶርም ሲገባ ሌሎቹ ከእንቅልፍ ተነስተው ሙዚቃ ከፍተዋል። ጋቢውን ተከናንቦ ለመተኛት ይታገልና ከሰዓት ክፍል ይገባል። ዱቲ ላደሩ ቁርስ ማቆየት፣ በማግሥቱ ከሰዓት ክፍል አለመመደብ፣ ዱቲ ያላቸውን አንድ ዶርም ላይ ማሰባሰብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ስለ ተማሪ ደኅንነት ብዙ ሥልጠና ይሰጣል፤ እኔን ብትጠይቁኝ ከቁርሱ እጀምራለሁ።

ከዚያ ሞት አለ። ተማሪው ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት) ሲወስድላቸው የነበሩት አባት ጠዋት አልጋቸው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ወይም እጁ ላይ ያርፋሉ። ሥራው ወዲያው ይጀምራል፤ ካኑላና የሽንት ካቴተር ማውጣት፣ ዓይን መክደን፣ አገጭ ማሰር፣ እጅና እግር ማቅናት። ወሎ ላይ ይህ በሃይማኖት ሥርዓት የተከበበ ሥራ ነው። የሙስሊም ቤተሰብ አስከሬኑ ወደ ቂብላ እንዲዞርና ሳይውል ሳያድር እንዲቀበር ይፈልጋል፤ ክርስቲያኑ ገነዛውን ያስባል፤ ተማሪው ሁለቱንም ማክበር መቻል አለበት። ሁሉም አልቆ ጋዋኑን ሲያወልቅ ግን «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው ሰው ይኑር አይኑር በአጋጣሚ የተተወ ነው። ቢሮ ሄዶ አማካሪ ማነጋገርን እንደ ድክመት ወይም እንደ እብደት የሚቆጥር ተማሪ ብዙ ነው። ድጋፉን የሚያገኘው ከዶርም ጓደኛው፣ ከግቢ ጉባኤው፣ ከጀመዓው ነው። እነዚህን ማቃለል አይገባም።

መምህራን ይህን ልማድ ለትምህርት ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ከከባድ ዱቲ በኋላ ጀበና ቀርቦ፣ ስኒ እየዞረ፣ «ምን ሆነ? ምን ተሰማህ? እንደገና ብትሠራው ምን ትለውጣለህ?» ተብሎ መነጋገር በዓለም ዙሪያ ለሲሙሌሽን (በማስመሰል ለሚሰጥ) ትምህርት ወሳኝ የሚባለው የድኅረ ሥራ ውይይት ራሱ ነው። ቡና ለለመደ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። አንድ ደንብ ብቻ ያስፈልገዋል፤ እዚያ የተነገረ ስሕተት ማርክ አይቀንስም።

ከሌሎቹ የማስተማሪያ መንገዶች የሚበልጠው ፕሪሴፕተር መመደብ ነው፤ አንድ የዋርድ ነርስ ጥቂት ተማሪ ይዞ ሳምንታት ሲያብር። ችግሩ ነርሱ የራሱ በሽተኞች እያሉት ማስተማሩ በላዩ ላይ የሚጫንበት፣ ሰዓቱም የማይታሰብለት መሆኑ ነው። ኦስኪ የሚባለው የተግባር ፈተናም ጥሩ ነው፤ ተማሪው ደወል በተደወለ ቁጥር ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ አንዱ ጋ ቁስል ያጸዳል፣ ሌላው ጋ የመድኃኒት መጠን ያሰላል፣ ቀጣዩ ጋ ለበሽተኛ ያስረዳል፤ ሁሉም በአንድ ቼክሊስት ይመዘናል። መምህር ፊት አይቶ ማዳላቱን ያስቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ከዚያ በተጨማሪ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ባለሙያዎች የሙያ ብቃት ምዘና ይጠብቃል። ፈተናዎቹ በምርጫ ጥያቄ በመሆናቸው የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ልቡ ከዋርድ ወደ ላይብረሪ ይሸሻል። ይህን አልወቅስበትም፤ የዋርዱን ኬዝ ወደ ፈተና ጥያቄ እየቀየረ የሚያስተምር መምህር ግን ሁለቱን ያስታርቅለታል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ትምህርቱ ተቋረጠ፣ ተማሪው ተበተነ። ደሴና ወልድያ ላይ ሆስፒታሎቹም ዩኒቨርሲቲዎቹም ተዘረፉ፣ ወደሙ። ከዚያ በኋላ የተመለሰው ተማሪ ስለ ድንገተኛ ሕክምና ሲማር ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚያስበው፤ አንዳንዱ የሚያስታውሰው የራሱን ቤት ነው። ስለ ቁስልና ስለ ፍንዳታ ጉዳት ሲያስተምሩ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ መውጣት የፈለገውን ያለ ጥያቄ ማስወጣት ተገቢ ነው።

በትምህርቱ መጨረሻ ገደማ የቡድን ሥልጠናው፣ ተማሪዎች «ቲቲፒ» የሚሉት፣ ይመጣል። መነሻው በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አንድ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ፤ አንድ ቤት ተከራይተው፣ አብረው እያበሰሉ፣ ቀን ክትባት እየሰጡ፣ መጸዳጃ ቤትና የውሃ ምንጭ እየቆጠሩ ይሰነብታሉ። ማታ በአንድ ሻማ ዙሪያ ተቀምጠው የቀኑን በሽተኛ ሲያነሱ የነርሲንግ ተማሪው ከጤና መኮንኑ እኩል ይናገራል፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ ተነስቶ የሚሄደውም እሱ ነው።