ቫሊ ፎርጅ፦ የሚወራውና እውነታው

ስለ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሲወራ ቫሊ ፎርጅ ሳይነሳ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1777 እስከ ሰኔ 1778 የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ የሰፈረበት ቦታ ነው። 12,000 ያህል ሰው ነበረ። ስለዚያ ሰፈር የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

«የብርዱን ወራት በድንኳን አሳለፉት።»

የለም። ድንኳን የዘመቻ ወራት ዕቃ ነው። እንደደረሱ ግንድ እየቆረጡ ጎጆ መሥራት ጀመሩ። ልኩ በትእዛዝ ተወስኗል፦ 14 በ16 ጫማ፣ ለ12 ወታደር። ዋሽንግተን ከየሬጅመንቱ (ከየጦር ክፍሉ) ቀድሞና አሳምሮ ለጨረሰ ቡድን 12 ዶላር ሽልማት መደበ። እሱ ራሱ መጀመሪያ ድንኳኑ ውስጥ ቆይቶ፣ በኋላ ወደ ድንጋይ ቤት ገባ።

«የጨረሳቸው ብርዱ ነው።»

ይቺ ናት አልለቅ ያለችው። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል። ነገር ግን ከሦስት ሁለቱ እጅ የሞተው ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ገዳዮቹ ታይፈስ፣ ታይፎይድና ተቅማጥ ነበሩ። ጎጆው ጠባብ፣ ሰፈሩ ቆሻሻ፣ የሞተ ፈረስ እንኳ ሳይቀበር የሚቀርበት ነው። ረሃቡና እርዛቱ ደግሞ ሰውነታቸውን ቀድሞ አድክሞታል።

ጉድ የሚያሰኘው ብርድ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በሞሪስታውን፣ ኒው ጀርሲ ነው። ያኔ የኒው ዮርክ ወደብ በበረዶ ረግቶ ሰው በላዩ ይሻገር ነበር። የሞተው ሰው ግን ከቫሊ ፎርጁ እጅግ ያንሳል።

«ድንኳን የትም ይተከል ነበር።»

ከፕሩሲያ (የዛሬዋ ጀርመን አካባቢ ከነበረች አገር) መጥቶ የዋሽንግተንን ጦር ያሠለጠነውን መኮንን ፎን ስቶይበንን ሰው የሚያስታውሰው በሰልፍ ልምምድ ነው። እኔ ግን ትልቁ ውለታው ሽንት ቤት ይመስለኛል! በ1779 በወጣው ደንቡ ድንኳኖች በመስመር ይተከላሉ፤ ሽንት ቤት ከመጀመሪያው መስመር ፊት ለፊት 300 ጫማ ርቆ ይቆፈራል፤ ምግብ የሚበስለው ከኋላ ነው።

«ወታደሩ ድንኳኑን ተሸክሞ ይጓዛል።»

አይሸከምም፤ የሚጭነው ጋሪ ነው። ጋሪው ከዘገየ ቅርንጫፍ ቆርጦ ዳስ መሥራት፣ ካልሆነም ሜዳ ላይ ማደር ነው።

«ሰፈሩ የወንድ ብቻ ነበር።»

ቫሊ ፎርጅ 400 ያህል ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት። ሴቶቹ ልብስ ያጥቡ፣ በሽተኛ ያስታምሙ ነበር።

«የዋሽንግተን ድንኳን ጠፍቷል።»

አልጠፋም። በጦርነቱ የተጠቀመበት የተልባ እግር ጨርቅ ድንኳን እ.ኤ.አ. በ2017 በተከፈተው የፊላደልፊያ የአሜሪካ አብዮት ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ዲሲ አካባቢ ላላችሁ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው።